እስቲልየው ያላስተኛችው ዘር

ልጆች፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ከልብስ ሰፊ እናቷ ሱቅ ጀርባ ነው። ያገኘችውን ሁሉ «እስቲ ልየው» ስለምትል ስሟ እስቲልየው ሆኖ ቀረ። የሰዓት ሆድ ሳይቀር ከፍታ አይታለች። መልሶ መግጠሙ ግን አልሆነላትም።

አንድ ቀን እናቷ የዱር አበባ ዘር አመጣች። ጓሮውን አርመው ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹ ለእስቲልየው፣ ግማሹ ለታናሽ ወንድሟ ለድምቡሼ።

«ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት» አለች እናት። «አፈር አታልብሱት፣ ብርሃን ይወዳል። ረገጥ ረገጥ አድርጉትና ውሃ በቀስታ አርከፍክፉለት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ።»

እጅ መሰብሰብ ለእስቲልየው እንዴት ይቻላል? ዘሩ እዚያ ምን እየሠራ ይሆን? ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሳ መደቧን በጣቷ ትጭር ጀመር። አንድ ቀን ከዘሩ ነጭ ክር የመሰለ ሥር ወጥቶ አገኘች። ልቧ በደስታ ዘለለ። የድምቡሼስ? የእሱንም ጫረችው። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ።

የተነቀሉትን ሥሮች ፀሐይ አደረቀቻቸው። ጓሮው መላጣ ሆኖ ቀረ።

ድምቡሼ አለቀሰ። «እማዬ፣ የኔ እጅ የነካው አይበቅልም። ሁለተኛ አልዘራም።»

«ወፎች ለቅመውት ይሆናል» አለች እናት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እስቲልየው ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ወፎች መጥተው አይሟገቱም። ድምቡሼ ግን እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደብቋቸዋል። አንጀቷን በላት።

«ወፍ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለች። «ልየው ብዬ በየቀኑ ጫርኩት፤ ያንተንም። ይቅር በለኝ።»

ድምቡሼ እንባውን ጠረገ። «ታዲያ ምን አየሽ?»

«ሥር አውጥቶ ነበር።»

«የኔም?»

«ያንተም። እንዲያውም ያንተ ይረዝም ነበር።»

ድምቡሼ እጆቹን ከብብቱ አውጥቶ ገለባብጦ አያቸው።

እናት ቁራጭ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በላዩ ለእስቲልየው ጥቂት ዘር አስቀመጠችላት። «ማየት ክፉ አይደለም፤ ይኸው እይ። የመሬቱን ግን ለእግዚአብሔር ተዪለት።» የተረፈውን ዘር እንደገና በተኑት። መጀመሪያ የበተነው ድምቡሼ ነው፤ በሁለቱም እጁ።

ልጆች፣ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ቶሎ ይናገር፤ እሱ ዝም ሲል ያላጠፋው ራሱን እየወቀሰ ያለቅሳልና።