ጠብታዋ ከየት ትመጣለች?

ጠብታዋ በሙሉዬ ግንባር ላይ አረፈች። ቀዝቃዛ ነበረች፤ ወዲያው ተነነችና የቤንዚን ሽታዋ ብቻ ቀረ።

«አሁንም ያፈሳል፣ ጋሼ» አለች ሙሉዬ፣ በአውሮፕላኗ ወለል ላይ በጀርባዋ እንደተንጋለለች።

የፊዚክስ አስተማሪዋ ጋሼ ገነነ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

ጋሼ ገነነ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከገበያው ጀርባ ባለው አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አስተማሪ ከመሆናቸው በፊት ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ጥገና ተምረዋል። የአውሮፕላኗ ክንፎች እንጨትና አቡጀዲ ናቸው፤ ሞተሯ የምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ተገልብጣ ከቀረች ቮልስ መኪና የወጣ ነው። ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሰልባትዮ ከአብራሪው ፊት ለፊት፣ ከጉልበቱ በላይ ታስሯል። ሰልባትዮውን የሠራው የሙሉዬ አባት ካሱ ነው። ካሱ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ለከተማው ሰው ኩራዝና ማንቆርቆሪያ፣ ለጫሞ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ደግሞ የጀልባ ቤንዚን መያዣ ይሠራል።

ከተማው ውስጥ «ሰውዬው ወደ ኬንያ ሊበር ነው» የሚል ወሬ ነበር። በ1973 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ቀልድ አይታለፍም። ስለዚህ ጋሼ ገነነ ራሳቸው ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ የሚባሉ ባለሥልጣን መጥተው፣ ሞተሯ ተነስቶ አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ ስትንቀሳቀስ ያያሉ። ከዚያ «ቀጥል» ወይም «አፍርስ» ይላሉ። ጠብታዋ ሙሉዬ ላይ የወደቀችበት ቀን ሐሙስ ነበር።

«አባትሽ ይችን የታች ጥግ ሁለት ጊዜ በየዳት» አሉ ጋሼ ገነነ። «ሁለቴም ደግማ አፈሰሰች።»

ሙሉዬ ተነስታ ተቀመጠች። አንድ ነገር ከትናንት ጀምሮ ሲከነክናት ነበር።

«ጋሼ፣ ቀዳዳው ታች ጥጉ ላይ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ማፍሰስ ነበረበት። ትናንት ግን ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለምን?»

ጋሼ ገነነ በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «አንቺው ንገሪኛ።»

«ከላይ ነው የሚመጣው። ጥጉ ላይ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። ግን ሲወርድ አይታይም፤ ቶሎ ይደርቃል።»

አስተማሪው ከኪሳቸው ስብርባሪ ጠመኔ አወጡ። ሙሉዬ ጠመኔውን በድንጋይ ፈጨችና ሰልባትዮው ላይ እንደ ዳቦ ዱቄት ነሰነሰችው። አብሯቸው የሚሠራው የክፍል ጓደኛዋ ታምሩ ከጀሪካን ቤንዚን ሞላበት። ሦስቱም ነጩን ዱቄት እያዩ ጠበቁ። ትንሽ ቆይቶ በነጩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ እርጥብ መስመር ታየ። መስመሩ ከጥጉ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሰልባትዮውን ወጥሮ ከያዘው የብረት ማሰሪያ ሥር ገብቶ ጠፋ።

ሙሉዬ የመስታወት ስባሪ አምጥታ ወደ ማሰሪያው ሥር አሾለከች። አባቷ አቅልጦ የበየደበት የእርሳስ መስመር የቆርቆሮውን መጋጠሚያ ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ የጥፍር ስፋት ያህል ስቶ ይወጣል፤ ቆይቶ ይመለሳል። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ እንዲህ አይሠራም ነበር። ሙሉዬ ከክረምት ወዲህ አባቷ መርፌ ለእሷ እየሰጠ «ክር አግቢልኝ» ማለት መጀመሩን አስታወሰች። ቆርቆሮ ሲቆርጥ ጣቱን መጉዳት ማብዛቱም ትዝ አላት።

«ከማሰሪያው ሥር ነው» አለች፣ መስታወቱን ፈጥና እያወጣች።

«ሰልባትዮውን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በይዶ መመለስ ሦስት ቀን ይፈጃል» አሉ ጋሼ ገነነ፣ ፊታቸውን እያሻሹ። «እኛ ያለን ደግሞ አንድ ቀን ነው።»

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሙሉዬ ስትመጣ ጠብታውን እንዲቀበል ከሰልባትዮው ሥር የተቀመጠው ጣሳ ደረቅ ነበር። ጋሼ ገነነ ያፏጫሉ። «ማሰሪያውን ባጠብቀው ቆመ» አሉ። ታምሩ ጫማውን ያያል።

ሙሉዬ ታምሩን ወደ ውጭ ጠርታ አፈጠጠችበት።

«ሳሙና ነው» አለ በመጨረሻ። «የልብስ ሳሙና። በቢላ ጫፍ ጠቀጠቅኩበት። ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲያፈስባቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም።»

«እና ለጋሼ አልነገርክም?»

«አቦ ሙሉዬ፣ ለማን ብዬ ነው? እነዚያ ጓዶች 'ይህን ማን ሠራው?' ብለው ቢጠይቁስ? አሻጥር ነው ቢሉስ? ለአባትሽ እኮ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ።»

ሙሉዬ አሻጥር የሚለው ቃል ሰውን ከቤቱ አስወስዶ እንደሚያስቀር ታውቃለች። ታምሩ ክፉ አላሰበም። ግን ሌላ ጥያቄ ያዛት፤ ሳሙናው እስከ መቼ ይይዛል?

ጀንበር ሳትጠልቅ አባቷ የጣለውን ጣሳ በሚስማር በሳችና ቀዳዳውን በሳሙና ደፈነችው። ከጋሼ ጀሪካን በለመነችው አንድ ስኒ ቤንዚን ሞላችው። እውነትም ጠብ አላለም። ከዚያ እንደሚንቀጠቀጥ ሞተር ጣሳውን በማንኪያ እጀታ ትመታው ጀመር። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ሳሙናው ደርቆ ተሰነጠቀ። አርባ ሁለተኛው ላይ ተፈንቅሎ ወደቀ፤ ቤንዚኑም እንደ ክር እየወረደ እግሯ ሥር ያለውን አፈር አራሰው። ሙሉዬ አፈሩ እስኪደርቅ ድረስ ቆማ አየችው። የአብራሪው ጉልበት የሚሆነው እዚያ ነው።

ቅዳሜ በአንድ ሰዓት መጋዘኑ ደረሰች። ጋሼ ገነነ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው አብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ማፍሰሱ አልቆመም። ሳሙና ተደርጎበት ነው።»

«ማን አደረገ?»

«እሱን አይጠይቁኝ። ሳሙናው ሞተር ሲንቀጠቀጥ ይወድቃል፤ ሞክሬዋለሁ። ከሥሩ የብየዳው እርሳስ ስቷል። አባቴ... አጥርቶ አያይም።»

ጋሼ ገነነ ጣታቸውን ከማሰሪያው ሥር ከተው ሳሙናውን ፈለቀቁት። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያዋ ጠብታ ሱሪያቸው ላይ ወደቀች። ከዚያ ከአውሮፕላኗ ቀስ ብለው ወረዱ።

በሦስት ሰዓት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ።

«ሞተሩ ዛሬ አይነሳም» አሉ ጋሼ ገነነ። «ሰልባትዮው ያፈሳል።»

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ አውሮፕላኗን ዞሩ፤ አቡጀዲውን በጣታቸው ጫፍ ነኩ። «የማን ሥራ ነው?»

ሙሉዬ ወደ ጋሼ ገነነ ዞረች።

«የኔ» አሉ ጋሼ ገነነ። «ሁሉም የኔ ኃላፊነት ነው።»

ሰውዬው ደብተራቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «ሁለት ሳምንት» አሉ። «ያኔም ካፈሰሰች ትፈርሳለች።»

ታምሩ ያን ቀን ሙሉዬን አላናገራትም። ሰኞ ግን ማንም ሳይጠራው የሰልባትዮውን አንድ ጎን ተሸክሞ እስከ ካሱ ሱቅ ድረስ መጣ፤ ሙቅ ውሃም አቀበላት። የቀረ የቤንዚን እንፋሎት እሳት ከነካው ይፈነዳልና ውስጡን ሦስት ጊዜ አጠቡት። ከዚያም እስከ መጋጠሚያው ድረስ ውሃ ሞሉበት።

ካሱ የመበየጃውን ብረት ከከሰሉ ላይ አነሳ። ጎንበስ አለ። አፍንጫው ቆርቆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ የብረቱ ጫፍ ግን መጋጠሚያውን እየፈለገ አየር ላይ ይንከራተታል።

«አባባ» አለች ሙሉዬ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ልያዘው።»

ካሱ ቀና አላለም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሐሙስ።»

አባቷ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ ጭስስ አለ። ከዚያ እጀታውን ወደ እሷ አዞረ።

«እንዳትቸኩዪ» አለ። «እርሳሱ ራሱ እስኪከተልሽ ጠብቂው።»

ሙሉዬ በርጩማውን ወደ በሩ ብርሃን ጎትታ ተቀመጠች፤ የብረቱንም ጫፍ መጋጠሚያው ላይ አሳረፈች።