የሊማሊሞው ጭስ

የቴዎፍሎስ ሬሳ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ሲወጣ ተዋናዮቹ የአርበኛ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመው ነበር። ሟቹ ስለ ጣሊያን ወረራ ትልቅ ፊልም ሊሠራ የመጣ ዳይሬክተር ነበር። መርማሪዋ ምክትል ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ ከደባርቅ ተነሥታ ስትደርስ ሰላም ያላት የለም። ሁሉም ወደ አገሬው ሽማግሌ ወደ አቶ ያርጋል ጣታቸውን ቀሰሩ። ፊልሙ አያታቸውን ባንዳ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ሽማግሌው ዳይሬክተሩን እንደሚገድሉት ገበያ መሃል ዝተው ነበር።

«ዝቻለሁ፤ አልክድም» አሏት ያርጋል። «መሞቱም አያሳዝነኝም። እጄ ግን የለበትም።»

ማንጠግቦሽ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሠራተኞቹ ለጦርነቱ ትዕይንት የመኪና ጎማ ከምረው ከመንገዱ መታጠፊያ ሲጠብቁ፣ አፋፉ ላይ የነበሩት ቴዎፍሎስና ረዳቱ ገዱ ብቻ ናቸው። ጎማው ተለኮሰ፤ ጥቁሩ ጭስ አካባቢውን ሁሉ ዋጠው፤ ሲገለጥ ቴዎፍሎስ የለም። ከሠራተኞቹ ጋር የነበረችው የሟቹ ሚስት እስከዳር፣ ያርጋል እየተሳደቡ የደረሱት ጎማው ከነደደ በኋላ እንደሆነ ተናገረች፤ ጭሱን ተገን አድርገው እንደገፈተሩትም ማለች። ገዱ ደግሞ የ«ለኩሱ» ትእዛዝ ከቴዎፍሎስ ተቀብሎ በሬዲዮ እንዳስተላለፈ፣ ጭሱ ውስጥም ሲያስል እንደሰማው ገለጸ።

ማንጠግቦሽ ሬሳው ላይ አጎንብሳ ቆየች። በነጭ መሐረቧ ጫፍ የሟቹን አፍንጫ ውስጡን ጠረገች። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ በየመሐረባቸው እንዲናፈጡ አዘዘች። እያጉረመረሙ ታዘዙ። የሁሉም መሐረብ ጥላሸት ሆነ።

የራሷን ዘርግታ አሳየቻቸው። ደም እንጂ ጥላሸት አልነካውም።

«ይህን ጭስ የሳበ ሁሉ አፍንጫው ጠቁሯል። ቴዎፍሎስ ግን አልሳበውም። ጎማው ሲለኮስ ሞቶ ነበር ማለት ነው። አቶ ያርጋል የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ከመለኮሱ በፊት አብሮት የነበረው አንተ ብቻ ነህ፣ ገዱ። ትእዛዙም ካንተ እንጂ ከሬሳ አልመጣም። ሬሳም አያስልም።»

ገዱ ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ሁሉም መሐረቦቻቸውን ይዘው ሲያፈጡበት ግን ተወው።

«የፊልሙን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «የእኚህን ሰውዬ አያት ጀግና አድርጌ ነው የጻፍኳቸው። እሱ ባንዳ አደረጋቸው። ዛሬ ደግሞ ስሜን ከፊልሙ እንደሚያወጣው ነገረኝና ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

ማንጠግቦሽ እጁን በካቴና አሰረችው። ያርጋል ቀርበው ትክ ብለው አዩት።

«ያ አያቴን ባንዳ አላቸው፤ አንተ ደግሞ ደም ቀባሃቸው» አሉት።

እስከዳር ይቅርታ ልትጠይቃቸው ተጠጋች። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው የደባርቅን መንገድ ያዙ።