በቃ የሚል የጠፋበት ለቅሶ

ፈጠራ ነው የሚል ይበል... እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር፤ መርፌና ክር በእጄ ይዤ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ 1964 ዓ.ም.። ቀኑ አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ጀርባ ያለ ሰፊ ግቢ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። በጨለማ የሆነ ቢሆን እኔም አላምንም ነበር።

ጋሼ ከተማን ያኔ የማያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ ተዋናይ ነበሩ። መድረክ ላይ አሟሟት ያውቁበታል... እሳቸው የሚሞቱበት ቴአትር ከሆነ ወንበር አይገኝም። ኋላ ቴሌቪዥን ገብተው ድራማ አዘጋጅ ሆኑ። አሁን ደግሞ የመጀመሪያ ፊልማቸውን እየሠሩ ነው። እኔ የተዋናዮቹ ልብስ ሰፊ ነኝ።

የቀረው የለቅሶው ትዕይንት ብቻ ነበር። የቀረው የፊልም ጥቅልም አንድ። እሱ ከተበላሸ ሥራው ሁሉ ቀረ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመልሰው መሞት ነው።

ለቅሶው እውነት እንዲመስል እትዬ በለጥሻቸው የሚባሉ አልቃሽ አስመጡ። ሴትዮዋ የሟቹን ስም ጠየቁ። በድርሰቱ ያለውን ስም ሲነግሯቸው፣ ላልተወለደ ሰው አላለቅስም አሉ። ሬሳ ሆኖ የተኛው ተዋናይ ሀብተ ወልድ ደግሞ፣ የእኔን ስም እንዳትጠሩ፣ እናቴ በሕይወት አለች ብሎ ከአልጋው ተነሣ።

ጋሼ ከተማ ሳቁ።

«በእኔ ስም አልቅሱ» አሉ።

ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉና አልጋው ላይ ራሳቸው ተኙ። የመገነዣውን አቡጀዲ ከራስ እስከ እግር እኔው አለበስኳቸው።

«እኔ በቃ እስክል ማንም እንዳያቋርጥ» አሉ ከጨርቁ ሥር።

ልማዳቸው ነው። እሳቸው በቃ ሳይሉ ካሜራ አይቆምም።

እትዬ በለጥሻቸው ጀመሩ። ጋሼን ከነአባታቸው ስም ጠሯቸው።

ከአንዋር መስጊድ የወጣው ሕዝብ፣ ጭድ ተሸካሚው፣ ቸርቻሪው ሁሉ ድምፁን ተከትሎ ገባ። መርካቶ ለቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ የለም። ሸክሙን በሩ ላይ እያወረደ ደረቱን ይመታል። ማን እንደሞተ የጠየቀ አላየሁም።

ለፊልሙ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ።

ጨርቁ የጋሼ አፍ ላይ ገባ... ወጣ... ይላል። እሱን እያየሁ ተረጋጋሁ።

ከዚያ ፈጠነ።

ጎንበስ አልኩ።

«ኢስሐቅ...» አሉኝ በሹክሹክታ። «በቃ በላቸው።»

«እርስዎ ይበሉ እንጂ ጋሼ።»

«ድምፄ አይወጣም... እግሬም አይሰማኝም።»

ቀና ብዬ ወደ ካሜራ አንሺው ወደ ኸይረዲን ዞርኩ።

አጠገቡ ሰው ቆሟል።

ወንበሩ ላይ የነበረውን ኮት ለብሷል። ፊቱን አየሁት...

ጋሼ ከተማ ናቸው።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀጥሉ» አሉ።

ኸይረዲን ቀጠለ። የደነገጠም የለ። አዘጋጁ ናቸዋ።

«ታዲያ አልጋው ላይ ያሉት ማናቸው?» አልኩት።

«ሬሳው ነዋ» አለኝ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

ሸክም የለመዱ ወንዶች አልጋውን አነሡት። ይኼ በድርሰቱ የለም።

በሕይወት አሉ፣ አውርዷቸው እያልኩ በሕዝቡ መሀል ተጋፋሁ። አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት ክንዴን ያዙኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ይላል።»

አልጋው የግቢውን በር አለፈ። ጋሼ ከተማ ኮታቸውን ቆልፈው ከኋላ ይከተላሉ።

ከጨርቁ ሥር አንድ ጣት ወጣ። የአልጋውን ጠርዝ ጨበጠ።

ጋሼ ከተማ ጠጋ አሉ። ጣቱን ቀስ አድርገው አላቀቁት... ወደ ውስጥ መለሱትና ጨርቁን አስተካከሉ።