ክፉዋ ምራት

ምንይችልን መጀመሪያ ያየሁት ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስጣላ ነው። እንጅባራ፣ ድንችና ሽንኩርት ከምሸጥባት ሱቄ በር ላይ። ሹፌሩ ጭቃ ረጭቶብኝ ስጮህ፣ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሞ ይስቃል።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«ይቅርታ እህቴ... ስትቆጪ ታስፈሪያለሽ። ፊልም ትሠሪያለሽ?»

ያሾፈብኝ መስሎኝ አባረርሁት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። የዳንግላ ልጅ ነው፤ በተዋሰው ካሜራ የገጠር ቤተሰብ ታሪክ ሊቀርጽ ተነሥቷል። አማቷን በዝናብ ከቤት የምታስወጣ ክፉ ምራት የምትሆንለት ሴት ግን አጥቷል።

«ሽታዬ እባላለሁ። ክፉ ግን አይደለሁም» አልሁት።

«እሱን ለእኔ ተይው» ብሎ ሳቀ።

ቀረጻው አዲስ ቅዳም አጠገብ በአንድ ገበሬ ቤት ሆነ። አማቴን ሆነው የተጫወቱት የቤቱ ባለቤት እማማ ዋጋዬ ናቸው፤ ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ዝናብ ስንጠብቅ ሰነበትን። ፍቅሩም የመጣው ያኔ ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመን ደመና ደመናውን ስናይ። ጃኬቱን ለእኔ ደርቦልኝ እሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል።

ዝናቡ መጣ። እማማን ገፍቼ አስወጣሁና በሩን በላያቸው ዘጋሁ። ቀረጻው እንዳበቃ ሮጬ ወጥቼ አቅፌያቸው አለቀስሁ። እሳቸው ጉንጬን እየሳሙ በአዊኛ መረቁኝ።

ምንይችል ጠጋ ብሎ፣ «ለቅሶሽን አልቀረጽሁትም። እሱ የእኔ ብቻ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ልቤ ከእሱ ጋር ሄደ። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ አባቴ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባልኝ።

ፊልሙ ዳንግላ በአንድ አዳራሽ ታየ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሥዕሉም ይጨልማል። ሕዝቡ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። ከኋላዬ አንዷ፣ «የእጇን ይስጣት! አውሬ!» ስትል ምንይችል እጄን ጨበጠኝ።

«ሰማሽ? አመኑሽ እኮ!»

እኔም ደስ አለኝ። መብራቱ ሲበራ ግን ያችው ሴት ለየችኝና እግሬ ሥር ተፋች።

ዩቲዩብ ላይ ሲወጣማ አገር ሁሉ አወቀኝ። በዚህ መሀል ነው ምንይችል ከእናቱ ከእትዬ ሸጋ ጋር ሊያስተዋውቀኝ የወሰደኝ። ጋሪው ከበራቸው ሲያደርሰን ጎረቤቶች ወጥተው እያዩኝ ይንሾካሾካሉ። እትዬ ሸጋ አስቀመጡኝ፣ አስተናገዱኝ። ቆይተው ግን እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ ፊልም መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ያ በር ሲዘጋ ይታየኛል። አርጅቻለሁ... እፈራሻለሁ።»

«እትዬ ሸጋ፣ እኔ እኮ እናቴን አስታምሜ ነው የቀበርሁ።»

«አምንሻለሁ። ልቤ ነው እምቢ ያለኝ።»

አቀርቅሬ ወጣሁ።

«ክፍል ሁለት እሠራለሁ» አለኝ ምንይችል መንገድ ላይ። «ተጸጽተሽ እማማ ዋጋዬ እግር ላይ ትወድቂያለሽ። ሰው ይቅር ይልሻል፣ እናቴም...»

«ምን አጠፋሁና ነው ይቅር የምባለው?»

ስለምወደው ግን እሺ አልሁ።

ቀረጻው ሳይጀመር እማማ ዋጋዬ ታመው ሞቱ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቀብር ሄድሁ። ወደ አስከሬኑ ስጠጋ ከሴቶቹ መሀል አንዷ ደረቴን ገፋችኝ።

«ገድለሽ ልታለቅሺ መጣሽ?»

«ኧረ እኔ... እማማ እኮ ይወዱኝ ነበር!»

«ሂጂ ከዚህ!» አለ ሌላው። የእማማ ልጆች እውነቱን ያውቃሉ፤ እነሱ ግን ራሳቸውን ስተው ያለቅሱ ነበር። ዞር ስል ምንይችልን አየሁት። ከእናቱ ጎን ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተያየን። አንዲት ቃል ብቻ ጠበቅሁ... እሱ ግን አንገቱን ደፋ።

ከሠልስቱ በኋላ ሱቄ መጣ።

«ሽታዬ፣ እናቴ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ሕዝቡም...»

«ገብቶኛል።»

«ጊዜ ስጪኝ። ሰው ይረሳዋል!»

«እኔ አልረሳውም፣ ምንይችል። ሲገፉኝ አየኸኝ እኮ።»

«እወድሻለሁ...»

«እኔም እወድሃለሁ። ግን አንተ ባለህበት ብቻዬን ነበርሁ። እንዲያ ሆኜ ትዳር እንዴት እይዛለሁ?»

አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። እጄን ሳመኝና ወጣ፤ አልጠራሁትም።

ለዳግም ትንሣኤ እናቱ የመረጡለትን የዳንግላ ልጅ አገባ። በሰርጉ ዕለት ሱቄን ዘግቼ አዲስ ቅዳም ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው አልነበረም። እማማ ዋጋዬ መቃብር አጠገብ ተቀመጥሁ፤ የሚገፋኝም የሚያየኝም ሳይኖር፣ እንደ ልቤ አለቀስሁላቸው።