የድንቡሼ እጅ

መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ ነጩን የጠጠር መንገድ ሲይዝ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ጭንቅላቷ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ማንም አላየም። ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ሁለት ልጆች አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይስቃሉ። እሷ የተቀመጠችው ከነሱ ኋላ በምትታጠፈው ትርፍ ወንበር ላይ፣ በምሳው ሻንጣና በስድስት ዓመቱ ድንቡሼ መሃል ተጣብቃ ነው።

ትምህርት ቤት «አዲሷ» ነው የሚሏት። እናቷ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ ስታገኝ፣ የትምህርት ዘመኑ ከተጋመሰ በኋላ ነበር ሁለቱ ወደዚህ ከተማ የመጡት። ያኔ ስሟን ያልያዙ ልጆች አዲሷ አሏት። ከዚያ ዓመቱ አልቆ፣ ክፍል ተዛውረው፣ ከሷ በኋላ ሌሎች ልጆች መጥተው እንኳ መጠሪያው እሷው ላይ ቀረ።

ከክፍሉ ሁሉ የምትቀርባት ቀጮ ነበረች። ቅርበታቸውም ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ ላጲስ ይዋዋሳሉ፣ ቀጮ በእረፍት ሰዓት ሌላ ሰው ያጣች ቀን አብረው ይበላሉ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ስለዚህ ቀጮ «ቅዳሜ እነማዬ ጫካ ሊወስዱን ነው፣ ትመጫለሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ አዲሷ ጥያቄው ሳያልቅ ነው እሺ ያለችው። ለእናቷ «ከጓደኞቼ ጋር» ብላ ነገረቻት። እናቷ ከደስታዋ ብዛት አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ተኮሰችላት።

ሉጫም እንደምትመጣ ያወቀችው ጠዋት መኪናው ደጃፋቸው ሲቆም ነው። ሉጫ ጸጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ አጠገቧ ለመቀመጥ የሚሻሙባት ልጅ ናት። አዲሷ የመኪናውን በር ከፍታ ስታያት ፈገግ አለች። ከዚያ ትርፍ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ሻንጣውን ተሻግራ ገባች።

ጫካው ደስ ይላል። ዛፎቹ ሥሮቻቸውን ነጫጭ ድንጋይ ላይ እንደ ጣት ዘርግተው፣ ጨብጠውት የቆሙ ይመስላሉ። የእግር መንገዱ ለቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ዳገት የለውም። በየቦታው ከእንጨት የተጠረቡ እንስሳት ተደብቀዋል፤ ልጆች እየፈለጉ እንዲያገኟቸው ነው። የቀጮ አባት የአውቶቡስ መካኒክ ናቸው። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ራሳቸው የጻፉት ይመስል ጮክ ብለው አነበቡት። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ መሆኑን፣ ዝናቡ ቀስ በቀስ እየበላው ሥር ለሥር እንደቦረቦረው፣ መሬቱ ስንጥቅና ጉድጓድ የበዛበት ለዚሁ እንደሆነ አስረዱ። እናትየው የጥርስ ሐኪም ናቸውና «ልክ እንደ ጥርስ ማለት ነው» ሲሉ፣ ድንቡሼ አፉ ውስጥ የነበረውን ከረሜላ ቀስ ብሎ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

እናትየው ከመነሳታቸው በፊት ቀጮን ጠርተው የወንድሟን የድንቡሼን እጅ እንዳትለቅ አስጠነቀቋት። እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር ከኋላ ቀሩ፤ አባትየው አንድም ሰሌዳ ሳያነቡ ማለፍ አይሆንላቸውምና።

ወላጆቿ ከዐይን እንደራቁ ቀጮ የድንቡሼን እጅ በአዲሷ መዳፍ ውስጥ አኖረችው።

«ትንሽ ያዢልን፣ እሺ? ፎቶ ተነስተን እንመጣለን።»

«እኔም ልምጣ?» አለች አዲሷ።

«እሱን ማን ይይዘዋል ታዲያ?» አለችና ከሉጫ ጋር ተያይዘው ሮጡ። ሳቃቸው ብቻ በዛፎቹ መሃል ትንሽ ቆየ።

አዲሷና ድንቡሼ ዝግ ብለው ተጓዙ። ጉጉቱን አገኙት። ቀበሮውን አገኙት፤ አፍንጫው በልጆች እጅ ብዛት ተልጦ ነጥቷል። አንድ ድንጋይ ላይ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ማህተም ይመስል ታትሞ አይተው በጣታቸው ዳሰሱት። ድንቡሼ ወሬ ይወዳል። የእናቱን የጥርስ መንቀያ ድሮ ይፈራው እንደነበር፣ አሁን ግን ትልቅ ስለሆነ የሚፈራው ትንሽ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ወንድም የለሽም?»

«የለኝም።»

«እኔን መውሰድ ትችያለሽ» አላት አስቦበት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ።»

አዲሷ ሳቀች። ቀኑን ሙሉ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ዛፎቹ ገለጥ ብለው ወደ ሰፊ የድንጋይ ሜዳ ወጡ። ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ወድቆ የተሰባበረ ትልቅ ሰሀን ይመስላል። በስብርባሪዎቹ መሃል ያሉት ስንጥቆች ጠባብና ጥልቅ ናቸው፤ ከውስጣቸው ላባ የመሰለ ቅጠል ብቅ ብሏል። ዳር ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቋጥኝ አለ። አዲሷ አጠገቡ ስትደርስ ከወዲያ በኩል ድምፅ ሰማች፤ ልትጣራም አፏን ከፍታ ነበር።

«ለምንድን ነው ግን ያመጣሻት?» የሚለው ሉጫ ናት።

«እኔ መሰልኩሽ? እማዬ ናት እንጂ። ‹ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ታሳዝናለች› እያለች ነዘነዘችኝ። አንድ ቀን ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ሁሌ እንዲህ ድብር ነው የምትለው?»

«ዝም ስትል ይሻላል ባክሽ። ስታወራማ ያው የድሮ ሰፈሯን ነው፣ እንቅልፍሽ ነው የሚመጣው።»

ሳቁ።

አዲሷ ክው ብላ ቀረች። ጆሮዋ ውስጥ ትንኝ የገባ ይመስል አንድ ነገር ጭው አለባት። ቀጮ ዴስክ ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋ ስለ ድሮ ሰፈሯ ስትሰማት የነበረው ትዝ አላት። የሰማቻት መስሏት ነበር። ለካ እንቅልፏ እየመጣ ኖሯል። አንዴ ተመልሶ መሄድ፣ አንዴ ቋጥኙን ዞሮ ፊታቸው መቆም አማራት፤ እግሯ ግን ለሁለቱም አልታዘዝ አለ። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ወደ ራሷ ስትመለስ መዳፏ ባዶ ነው።

«ድንቡሼ?»

ዞር አለች። የለም። መንገዱ ላይ የለም፣ ዛፎቹ ሥር የለም። ጮክ ብላ ብትጠራው እነ ቀጮ ይሰማሉ፤ ካልጠራችው ደግሞ ልጁ… ሐሳቡን አልጨረሰችውም፤ ባለ በሌለ ድምጿ ተጣራች። ከሜዳው መሃል በኩል ቀጭን ልቅሶ መለሰላት።

ከእንጨት የተጠረበ ጃርት ወዲያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ድንቡሼ እሱን አይቶ በቀጥታ ሲሮጥ አንድ እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እስከ ጉልበቱ ተቀርቅሯል። ፊቱ በእንባና በነጭ አቧራ ተለውሷል። አዲሷ ደርሳ ብትስበው ጭራሽ ጮኸ። ደረቷን ድንጋዩ ላይ አጣብቃ ተኛችና እጇን እስከ ትከሻዋ ስንጥቁ ውስጥ ሰደደች። ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የጫማው ሶል ድንጋዩ ሥር መነከሱን በጣቷ አወቀች።

«እግርህን አትጎትት፣ እሺ የኔ ጌታ? ዝም ብለህ እሱን ጃርት እየው። ስንት እሾህ አለው?»

«ብዙ» አለ እየተንሰቀሰቀ። «ሊቆጠር አይችልም።»

«አንተ ግን ትችላለህ።»

እሱ ሲቆጥርና ሲሳሳት፣ እንደገና ከአንድ ሲጀምር፣ እሷ በጣቷ ጫፍ የጫማውን ክር ፈታች፤ የክንዷ ቆዳ ድንጋዩ ላይ ተላጠ። በመጨረሻ እግሩ ከጫማው ሾልኮ ወጣ። ጫማው ግን እየተንኳኳ ወደ ታች ወረደ፤ መድረሻውም አልተሰማም። ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ይደማል፣ ማበጥም ጀምሯል። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሸሚዟ ጫፍ ያዘችለት።

ጩኸቱን ሰምተው ሁሉም ደረሱ። መጀመሪያ እነ ቀጮ፣ ቀጥሎ እናትየው እየሮጡ፣ አባትየው ጉልበታቸውን ይዘው። እናትየው የልጁን እግር አገላብጠው አዩና አለመሰበሩን ሲያረጋግጡ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞሩ።

«እጁን እንዳትለቂ አላልኩሽም?»

«እሷ ናት እኮ» አለች ቀጮ ዐይኗን በጨው ታጥባ። «እኔ ልያዘው ብላ ለምና ወሰደችው። ሉጫ፣ አላለችም?»

ሉጫ ጸጉሯን ወደ ኋላ ወርውራ የጫማዋን ጫፍ ማየት ጀመረች። አላለችም ብላ አልተናገረችም፤ ብላለችም አላለችም።

እናትየው አዲሷን አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር። «እንደዚያ ነው፣ የኔ ልጅ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ካለች ሰኞ ዴስኩ አለ፣ ላጲሱ አለ፣ ሌላ ሰው በሌለ ቀን አብሮ መብላቱ አለ። ቀጮም ከእናቷ ትከሻ ጀርባ ሆና ቅንድቧን ከፍ አድርጋ እሱኑ እየነገረቻት ነው። አዲሷ ያንን ዴስክ ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደምትጓጓለት ታውቃለች። ብቻዋን የቆየች ልጅ ያገኘችውን ሁሉ እንደ ትልቅ ነገር ነው የምትይዘው።

«አለመንኳትም፣ እትዬ» አለች። «ፎቶ ተነስተን እንመጣለን፣ ያዢልን ብለው ሰጡኝ። እጁን የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ለምን ለቀቅሽው?»

አዲሷ ወደ ቋጥኙ አየት አድርጋ ቀጮን አየቻት። ቀጮም ቋጥኙን አየች፣ ከዚያ አዲሷን። ፊቷ ቀስ እያለ ደም መሰለ።

«ሳላስበው ነው» አለች አዲሷ። «ይቅርታ።»

«እሷ ናት ያወጣችኝ» አለ ድንቡሼ። «ድንጋዩ ጫማዬን በላው።»

ጉዞው እዚያ ላይ ተቋረጠ። አባትየው ልጁን አዝለው፣ ያላነበቧቸውን ሰሌዳዎች በዐይናቸው እየተሰናበቱ ወደ መኪናው ተመለሱ። ምሳው ሳይበላ በሻንጣው ተመለሰ። እናትየው የአዲሷን ክንድ መድኃኒት ቀቡላት። ቀጮና ሉጫ መንገዱን ሁሉ ማዳመጫውን አላወጡትም። ድንቡሼ ባዶ እግሩን በአዲሷ ጭን ላይ ሰቅሎ ተኛ። እሷ በመስኮቱ ነጩ ድንጋይ እያነሰ እያነሰ፣ በመጨረሻም በቤትና በግድግዳ ሲተካ ታይ ነበር። ሰኞን አሰበች። ሉጫ እንዴት እንደምታወራው፣ ቀጮ ደብተሯን ሰብስባ ወደየትኛው ዴስክ እንደምትሄድ ታያት። ግን አላለቀሰችም። የተኛ ልጅ ላይ አይለቀስም።

የእነ አዲሷ ሕንፃ ደጃፍ ሲደርሱ እናትየው አብረዋት ወረዱ። በሩን ሳይዘጉ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«ዛሬ እንዲህ ሆነብሽ እንጂ ሌላ ቀን ደግሞ ትመጫለሽ። ቤትም ነይ። ብቻሽን አትሁኚ።»

ልባቸው ንጹሕ እንደሆነ አዲሷ ታውቃለች። በተከፈተው በር ቀጮ ትታያለች፤ ስልኳን እንዳጠፋችው በእጇ ይዛለች።

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለች አዲሷ። «እሷ ራሷ ስትጠራኝ እመጣለሁ።»

እናትየው ወደ መኪናው ውስጥ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አዩ። ቀጮ ቀና አላለችም። አዲሷ እጅ ነስታ ደረጃውን ወጣች።

ቤቱ ጠዋት ትታው እንደሄደችው ነው። እናቷ ተረኛ ስለሆነች ከምሽቱ በፊት አትመጣም። አዲሷ ደም የነካውን ሸሚዝ አውልቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችውና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ታች ያለው መኪና ትንሽ ቆይቶ ሲሄድ ሰማችው። ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ከጀርባዋ የማጠቢያ ማሽኖቹ ይጮኻሉ።

«ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነው። እንዴት ነበር? ከጓደኞችሽ ጋር ተጫወታችሁ?»

በየቀኑ ነው የምትጠይቃት። ትምህርት ቤት እንዴት ዋለ፣ ከነማን ጋር በላሽ፣ ሰው ለመድሽ? በየቀኑም አዲሷ «አሪፍ ነው» ትላታለች፤ እናቷም ተንፈስ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ቃሉ አሁንም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ስትመጪ እነግርሻለሁ» አለች።

«ምነው? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ስትመጪ ግን ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ እማ። የዛሬውን ብቻ አይደለም።»

እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሺ የኔ እናት» አለቻት።

አዲሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተነስታ መብራቱን አበራችና ከየት እንደምትጀምር ማሰብ ጀመረች።