እጅ የሚነሳው የቆርቆሮ ሰው

«እሱን አትግዥው፤ ሆዱ አይከፈትም።»

ዞር ብዬ አላየሁትም። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከኋላዋ ለተናገራት ወንድ ሁሉ ዞር የምትል ልጃገረድ አንገቷ ተቆልምሞ ይቀራል። እጄ ላይ ደረቱ ቀይ፣ ዓይኑ አምፖል የሆነ የቆርቆሮ ሰው ነበር። ሱዳናዊው ነጋዴ ሐጅ አብዱልሰላም ከፖርት ሱዳን በጆንያ የመጣለትን ያገለገለ ዕቃ መሬት ላይ ሲዘረግፍ፣ ከጫማውና ከድስቱ መሀል እንዲህ ያለ አሻንጉሊት አይጠፋም። እማየ የላከችኝ ሳሙና ግዥ ብላ ነው።

«ሆዱን ከፍቼ አንጀቱን ልበላ ነው?» አልኩ፣ አሁንም ሳልዞር።

«ካልተከፈተ ሲበላሽ አይጠገንም። ጎኑን እይው፤ ቆርቆሮውን አጥፈው ነው የዘጉት። አንዴ ከተፈታ አይገጥምም። ብሎን ያለውን ምረጭ።»

ያኔ ዞርኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ ታምሬ ነው። ጠረጴዛው ከአብዱልሰላም ሱቅ ደጃፍ ነው፤ እጁ ላይ የብየዳ ካውያው ይጨሳል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈና ወዲያው ወደ አሻንጉሊቱ ሸሸ።

«አንተ ይሄን ሁሉ ቃል ታውቃለህ እንዴ?» አልኩት። «ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ዲዳ ነው ይሉሃል።»

ጆሮውን አከከ። መልስ በመስጠት ፋንታ ከክምሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። የባትሪ ድንጋይ የሚገባበትን ከፍቶ፣ አረንጓዴ ዝገት ያለበትን ወደ ጎን ያደርጋል። እግሩ ሥር ያለውን ጎማ በጣቱ አዙሮ ጆሮዬ ላይ ያስጠጋልኛል። አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ካፋጨ የውስጡ ማርሽ ጥርስ አልቋል። እኔ ግን ከጎማው ይልቅ የሱን ትንፋሽ ነበር የሰማሁት፤ ውሸት አልወድም።

በመጨረሻ የመረጥኩት አንድ እጅ የሌለውን፣ ቀለሙ የተላጠውን፣ ጀርባው ግን ሙሉ ብሎን የሆነውን ነው።

«ያ ቢንት፣ አንች ልጅ፣ እሱ እኮ ሞቷል! ኸላስ!» አለ አብዱልሰላም እየሳቀ፤ ከሳሙናው ጋር ምራቂ አድርጎ ጣለልኝ።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ያ ክፉ ቀን። ከጎንደር ወዲህ በመተማ የሚሻገረው ሕዝብ ሎሪ ሙሉ እየተራገፈ፣ ለአንድ ጣሳ ማሽላ ሰው ሲሰለፍ ይውላል። በዚህ ዘመን አሻንጉሊት? ትሉኛላችሁ። እማየም ብላኛለች፤ እሷስ ጫማ ወርውራብኝ ጭምር ነው።

ግን አባየ፣ ወልደ ማርያም፣ ከተሻገርን ወዲህ ስቆ አያውቅም። ታናሽ እህቴን ውዴን መንገድ ላይ በገዛ እጁ ቀብሮ ነው የመጣው። ፋሽጋ በሚባለው የእርሻ አገር ሰሊጥ ሲያጭድ ይሰነብትና ቤት ሲመጣ መደብ ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ወንድ ልጅ ተወለደልህ ሲባል እንኳ «ተመስገን» ብሎ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ላስቀው ፈለግሁ።

ይሄን ለታምሬ ስነግረው ካውያውን አስቀመጠ።

«እንግዲያ ደህና አድርገን እንሥራው» አለ።

ከዚያ ወዲያ የአባየ ሬዲዮ በየጊዜው ይበላሽ ጀመር። ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ።

የአሻንጉሊቱ ሞተር ተቃጥሎ ስለነበር ታምሬ ከተሰበረ ቴፕ ሌላ አውጥቶ ገጠመለት። ድንጋይ ስንከትበት ተንቀጠቀጠና የኋሊት መሄድ ጀመረ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሽቦውን አገላብጨዋለሁ።»

«የለም፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው» አልኩ።

ሳቅን። ሳቃችን ግን አልቆየም፤ እሱም እኔም ያሰብነው አንድ መንገድ ነበርና። ታምሬ ሽቦውን ነቅሎ መልሶ በየደው።

«ይሄ ብቻ ነው? መሄድ ምን ያስቃል? ሰው ሁሉ እየሄደ ነው» አልኩት። «እጅ ይንሳ! ከወገቡ ዝቅ ብሎ።»

«ቆርቆሮ ወገብ አለው?»

«አንተ ለምን ተቀመጥክ? አውጣለት!»

ወገቡን በመጋዝ ቆረጠው፤ በማጠፊያ ገጠመው። ከጠርሙስ ቆርኪ ላይ ቀዳዳውን ሆን ብሎ ከመሀል አስወጥቶ በሳ፤ ቆርኪው ሞተሩ ላይ ሲዞር እየተንጋደደ የብስክሌት ጎማ ራጂ፣ ያን ቀጭን ሽቦ፣ ወደ ላይ ይገፋል፤ ራጂው ደረቱን ያጎነብሰዋል። ራጂውን እኔ ያዝኩ፣ እሱ በየደ። ጣታችን ተነካካ። ሥራው አልቆም እጃችንን አላነሳንም።

ስንሞክረው በግንባሩ ተደፋ።

«ይሄማ ሰገደ እንጂ እጅ አልነሳም» አልኩ። «እግሩ ቀሎታል። እርሳስ አቅልጠህ እግሩ ውስጥ ጨምርለት።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ብናገረው አይወጣልኝም። እርሳሱን አቀለጠ፤ ቆመ። ስሙን «ባሻ» አልነው።

አንድ ቀን «ሰው አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሬዲዮ አለኝ።»

«ሬዲዮ ሰው ነው?»

«ያወራል።»

«አይመልስልህም እኮ።»

እናት አባቱ ደምቢያ በአንድ ክረምት እንዳለቁ፣ ብቻውን ሾዋክ ከተማ ደርሶ አንድ ሱዳናዊ ጠጋኝ ሥራ እንዳስተማረው ነገረኝ። ቀጥሎም ካውያውን እያየ፣ «አንች ግን ትመልሻለሽ» አለ። ሬዲዮውን ብድግ አድርጌ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ባሻን ይዞ እኛ ቤት የመጣው ሬዲዮ ላድርስ በሚል ነው። አባየ መደቡ ላይ ነበር፤ እማየ ልጁን ታጠባለች፤ ጎረቤታችን እቴ ቱርካም አለች። ታምሬ ባሻን ሰሌኑ ላይ አቆመና ድንጋዩን ከተተ። ባሻ ዓይኑን እያበራ፣ ግር ግር እያለ እስከ አባየ እግር ሄደ። ቆመ። ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ።

አባየ ደግሞ ለቄስም ለሕፃንም ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ሳያስበው ከመደቡ ብድግ ብሎ፣ ነጠላውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ኧረ በእግዜር!» ብሎ አጸፋውን እጅ ነሳ።

አባየ ለማን እንደተነሳ ሲገባው አገጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊያለቅስ መስሎኝ ነበር። ሳቀ! እምባው እስኪወርድ፣ ግድግዳውን በእጁ እየመታ ሳቀ። እማየ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታምሬ እኔን አየ፤ እኔ እሱን። እስከዚያን ቀን ድረስ ሰው እንዲህ መደሰት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አባየ ዓይኑን ጠርጎ እንዲህ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ዘመድ የለህም አሉኝ። ከዛሬ ወዲያ አለህ። እሑድ የልጄ አርባው ነው፤ ክርስትና አንሳልኝ።»

እቴ ቱርካ እልልታዋን አቀለጠችው። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ለዚያ ቤት አበልጅ ነው። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፤ አይጋባም። የወንድሜ ክርስትና አባት ለእኔም አባት ይሆናል። ደግሞ ክርስትና አንሳ የተባለ ሰው እምቢ ካለ ሰውየውንም እግዜሩንም ገፋ ማለት ነው።

ታምሬ ከንፈሩ ደርቆ፣ «እግዜር ያክብርልኝ» አለ። ሁሉም እንደ እሽታ ቆጠሩት።

በማግሥቱ ሬዲዮ እንኳ ሳልይዝ ጠረጴዛው ዘንድ ደረስኩ።

«እንዴት አደሩ አባታችን?» አልኩት።

«ሣህሊቱ፣ አትቀልጅ።»

«ምን ልበልህ? ጉልበት ልሳም?»

«ምን ላድርግ? ለሳቀ ሰው እምቢ ይባላል? አየሽው እኮ እንዴት እንደሳቀ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ "ዘመድ አለህ" ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። አንችን ብጠይቀው ይከለክለኝ ይሆናል። ያኔ ሁሉንም አጣለሁ። ይሄኛው ግን በእጄ ነው።»

«እኔስ በማን እጅ ነኝ?»

ካውያውን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር።

«ከሴት አልሰማሁም እንዳትል» አልኩት። ምላሴ ልማዷን አልተወችም። «ከሰው ሁሉ አንተን መርጫለሁ። እሑድ ልጁን ከታቀፍክ ግን እስክሞት "አባ" እያልኩ ነው የምጠራህ። በገበያ መሀል!»

ካውያው ጣቱን አቃጠለው። አላስተዋለውም። እኔም መልስ ሳልጠብቅ ሄድኩ፤ ብጠብቅ ኖሮ አለቅስ ነበርና።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰበሰብን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው አገዳ ነው። ታምሬ ነጭ ለብሶ መጥቷል። ነጭ ለብሶ ሳየው ተስፋዬ ተቆረጠ። ቄስ ገብረ ሥላሴ «ክርስትና አባት፣ ልጁን ተቀበል» አሉ። አባየ ልጁን አቅፎ ዘረጋለት።

የታምሬ እጅ አልተዘረጋም።

«ተቀበል እንጂ» አለ አባየ ፈገግ ብሎ።

«አልቀበልም፣ አያ ወልደ ማርያም።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። የአባየ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «ልጄ አነሰህ?»

«አላነሰኝም። እሱን ካነሳሁ ሣህሊቱን አጣታለሁ።» ድምፁ ከአጥሩ ውጭ ድረስ ተሰማ። «ዘመድ አድርገውኛል፤ ይህን የሚያክል ነገር የለም። ግን በዚህ በኩል አልችልም። ቢቆጡኝም ቢያባርሩኝም ዛሬ ካልተናገርኩ ነገ መናገር አይፈቀድልኝም።»

እኔ እንኳ መሬት አየሁ። እኔ!

«ሬዲዮኔ እንዲህ ሲበላሽ የከረመው ለዚህ ኖሯል?» አለ አባየ ቀስ ብሎ።

«መቼ ተበላሸ?» አለች እማየ። «ይችው ልጅህ ድንጋዩን እያወጣች ማሽላው ውስጥ ስትቀብር ነው እንጂ። ማሽላ ስለቅም ስንቱን አገኘሁ።»

አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት። አባየ ግን አልሳቀም። ቄስ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን አነሱ። «ልጁ በጊዜው ተናገረ። ካነሳ በኋላ ቢሆን እኔም አላጋባችሁም ነበር። ሌላ ክርስትና አባት አምጡ፤ ፀሐዩ ከረረ።»

የእቴ ቱርካ ባል አያ እንግዳው ወጥተው ልጁን ተቀበሉ። አባየ በታምሬ አጠገብ ሲያልፍ ሳያየው፣ «ልጅ በአጥር ሥር አይጠየቅም» አለ። «ሽማግሌ ላክ። ሽማግሌ ለሌለው ሰው ልጅ አልሰጥም።»

ዘመድ የሌለው ሰው ሽማግሌ ከየት ያመጣል? ያን ሳምንት አባየ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ምን እንደሚያስብ ለማወቅ መግቢያ ቀዳዳ የለውም።

በሳምንቱ ከሰዓት ደጃችን ላይ ሦስት ሰዎች ቆሙ። ቄስ ገብረ ሥላሴ፤ የፋሽጋው ትራክተር ነጂ አያ ጋረደው፤ ከመሀል ደግሞ ጀለቢያውን አስተኩሶ፣ ጥምጣሙን እንደ ሙሽራ ጠምጥሞ ሐጅ አብዱልሰላም! እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገር። የልጅቱ አባት እሽ ካላለ አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም፤ እንደቆመ ይመለሳል።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አለ አባየ።

አያ ጋረደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ለታምሬ ፈልገን ነው።»

«ልጃችን ያላችሁት የማን ልጅ ነው? ዘመዱ ማነው?»

አያ ጋረደው ቄሱን አዩ። ቄሱ መሬት አዩ። ለዚህ አልተዘጋጁም።

«እኔ!» አለ አብዱልሰላም፣ ተራውን ሳይጠብቅ። ያስጠኑት ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። «ወላሂ እኔ ዘመዱ። ሲያመው ማነው ውሃ የሰጠ? እኔ። እኔ ሳዝን ማነው አጠገቤ የተቀመጠ? እሱ። አንተ አገርህ ሩቅ፣ ዘመድህ ሩቅ። እኔ እዚህ ነኝ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። ጎረቤት ዘመድ ካልሆነ፣ እናንተ ስትመጡ ማን በር ከፈተ?»

የሐጅ አብዱልሰላም ጥምጣም ሲንቀጠቀጥ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። አባየ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ሽማግሌውን ሁሉ ከእግር እስከ ራስ አየ።

ከዚያ ከመደቡ ላይ ቀስ ብሎ ፈቀቅ አለና ቦታ ለቀቀ።

«ቁጭ በሉ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።