የሃያ አራት ዓመት ፊት

«ጉንጬን አጥፊልኝ» አለች ያምሮት፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል።

ፀደንያ ሳቀች። «ብሮንዘር ላጲስ መሰለሽ እንዴ?»

«ክብ ፊት አረዝማለሁ ብለሽ ስትጎርሪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም? በይ አርዝሚዋ!»

እውነትም ጎርራለች። ፀደንያ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ባለው የአክስቷ የንግሥቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራዋ ፎጣ ማጠብ ብቻ ነበር። ትምህርት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለምትውል ንግሥቴ ብሩሽ አስጨበጠቻት። «ብሮንዘር ጥላ ማለት ነው» አለቻት ጠቆር ያለውን የፊት ዱቄት እያሳየቻት። «ጥላ ያረፈበት ቦታ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። ስለዚህ ከመቀባትሽ በፊት ፀጉሯን ሰብስቢና ፊቷ የቱ ጋ እንደሚሰፋ፣ የቱ ጋ እንደሚረዝም እዪ።» ፊቷ ረጅም ለሆነች ሴት ግንባሯ ጫፍና አገጯ ላይ ትንሽ ጠቆር ሲደረግ ፊቷ ያጥራል። መንጋጋዋ ሰፊ ለሆነች የመንጋጋዋን ማዕዘን ማለስለስ ነው። ክብ ፊት ግን ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከጆሮ ግንድ ጀምሮ በጉንጭ አጥንት ሥር፣ ከዚያ በመንጋጋ ዳር እየሳሳ መውረድ አለበት።

የያምሮት ፊት ደግሞ ከክብም ክብ ነው። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማር የፀደንያ የዴስክ ጓደኛ ናት። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የማያውቃት ሰው ዐሥራ ሦስት ይላታል፤ ስትስቅማ ዐሥራ ሁለት።

«ለምንድን ነው ግን?» አለች ፀደንያ ብሩሹን እያነሳች።

«የአጎቴ ልጅ ሠርግ አለ። ቡሬ።»

«መቼ?»

«እሁድ።»

«ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው።»

ያምሮት መስታወቱን ትታ ወለሉን አየች። «ልምምድ ነዋ። ፎቶ ላይ እንዴት እንደምሆን ልየው ብዬ ነው።»

«ሹሩባስ አትሠሪም?»

«ፀጉሬ ይቅር፤ ወደ ኋላ ብቻ እሰሪው። ጆሮዬ መታየት አለበት።»

የፀደንያ እጅ አየር ላይ ቆመ። እዚህ ቤት ለሠርግ የሚመጡ ሴቶች ስለ ፀጉራቸው ይጨነቃሉ፣ ስለ ቅንድባቸው ይጨነቃሉ። ጆሮዬ ይታይ ብላ የመጣች አንድም ሴት አታስታውስም።

«ሠርግ ላይ ጆሮሽን ማን ያየዋል?»

«አታካብጂ ባክሽ! ሥሪ።»

ሠራች። ብሩሹን ዱቄቱ ላይ ነክታ፣ ትርፉን በእጇ ጀርባ አራግፋ፣ ከጆሮ ግንድ ጀመረች። ወደ አፍ ጥግ ሳትደርስ አቆመች። የጉንጭ አጥንቷን ሥርና የመንጋጋዋን ዳር አጠቆረች። መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ አዋሐደችው። ከኋላ ንግሥቴ የደንበኛ ፀጉር ስታጥብ ውሃው ይንሿሿል።

«ጨምሪ» አለች ያምሮት።

«ከዚህ ካለፈ ጭቃ ይመስላል።»

«ጨምሪ አልኩሽ ፀዱ። ሃያ አራት ዓመት መምሰል አለብኝ።»

«ሃያ አራት?»

«ማለቴ… ትልቅ ሴት።»

ፀደንያ ብሩሹን መልሳ ዱቄቱ ላይ ነካችው። ትልቅ ሴት መምሰል የፈለገች ልጅ ሃያ ትላለች፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ትላለች። ሃያ አራት ግን ሌላ ሰው የሰጣት ቁጥር ነው የሚመስለው።

ስትጨርስ ከመስታወቱ ውስጥ ጉንጯ የጎደለ፣ አጥንቷ የወጣ አንዲት የደከማት ሴት አየቻቸው። ፀደንያ በሥራዋ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላላትም። ለደንበኛ እንደምታደርገው በስልኳ ፎቶ አነሳቻት።

ፎቶ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ያምሮት «አንቺ አትምጪ» ብላ ብትከለክላትም ፀደንያ «ብልጭታው መስመሩን ያወጣዋል፤ ሳይሽ ይሻላል» ብላ ተከተለቻት። በሩ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች።

«አክስቴ ናት፤ አይናለም ትባላለች» አለች ያምሮት ፈጠን ብላ።

አይናለም ሰላም አላለቻቸውም። የያምሮትን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ግራ አዞረቻት፣ ወደ ቀኝ አዞረቻት፤ በግ ገዢ ገበያ ላይ እንደሚያገላብጠው። «ጎሽ» አለች። «አሁን ይሻላል። እንዳትስቂ፤ ስትስቂ ጉንጭሽ ይወጣል።»

ያምሮት ነጭ መጋረጃ ፊት ቆማ ሳትስቅ ፎቶ ተነሳች። ጉርዱ ፎቶ ታትሞ ሲመጣ አይናለም ፖስታ ውስጥ ከተተችውና እስክሪብቶ አወጣች።

«ያምሮት… የአባትሽ ስም ማን ነበር?»

«ባንተአምላክ» አለች ያምሮት በቀስታ። ወደ ፀደንያ አላየችም።

አይናለም ጻፈች። ከዚያ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ፀደንያን ተመለከተቻት። «እጅሽ ይባረክ። ሌሎች ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ትሠሪያቸዋለሽ።» ትንሽ ቆየች። «ላንቺማ ብዙም አያስፈልግሽም። ፊትሽ ረዘም ያለ ነው።»

ፀደንያ ወደ አክስቷ ቤት ስትመለስ ሳታስበው ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ነበር። የያምሮትን አባት ስም የማታውቅ አክስት እንዴት ያለች አክስት ናት?

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ያምሮትን ቧንቧው አጠገብ ብቻዋን አገኘቻት።

«ሠርጉ የት ነው ያልሽኝ?»

«ማንኩሳ።»

«ትናንት ቡሬ ነበር።»

ያምሮት ጠርሙሷን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ከቧንቧው አላነሳችውም።

«አትፎግሪኝ በቃ» አለች ፀደንያ። «ያቺ ሴት ማናት?»

«ለሰው ከነገርሽ ሁለተኛ ዓይንሽን አላየውም።»

«እሺ፤ ንገሪኝ።»

ያምሮት ነገረቻት። አይናለም ሴቶችን ወደ ዐረብ አገር ትልካለች። መጀመሪያ ፎቶው ይሄዳል፤ ቀጣሪዎቹ ከፎቶ ይመርጣሉ። ከሃያ አራት ዓመት በታች የምትመስለውን አይቀበሉም። ሌላውን ወረቀት ሁሉ እሷው ትጨርሳለች፤ ፎቶው ካለፈ ሰኞ ጉዞ ነው።

«ትምህርትሽስ?»

«የቱ ትምህርት?» የያምሮት ድምፅ ከፍ አለ። «ስንት ጊዜ ቤት ተቀመጥን? አሁን ደግሞ ሦስት ዓመት እንማርና ዐሥራ ሁለተኛ ላይ እንወድቃለን። ከሰፈራችን ያለፈ ልጅ አለ? ቁጠሪልኝ እስቲ! እህቶቼ ጫማ እያማራቸው እኔ ደብተር ይዤ ልዙር?»

 ፀደንያ ፈተናውን ያለፉትን ልጆች በጣቷ ልትቆጥር ሞከረች፤ አንድ እጇ እንኳ አልሞላም።

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች።»

«ማርያምን በይ።»

«ታውቃለች አልኩሽ እኮ!»

ግን አልማለችም። ያምሮት ለእርሳስ እንኳ ማርያምን የምትል ልጅ ናት።

«ስሚኝ» አለች ያምሮት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፎቶው ተመልሷል፤ ልጅ ትመስላለች ብለዋል። ነገ ጠዋት አጥብቀሽ ትሠሪኛለሽ። ግን ከአራት ሰዓት በፊት መጨረስ አለብን።»

ፀደንያ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የያምሮት እናት ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ስንቋን ይዘው ንግሥቴ ቤት የሚደርሱት አራት ሰዓት ላይ ነው። እናትየዋ የሚያውቁ ከሆነ የሚሸሸገው ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ በጋሪና በባጃጅ ተሞልቷል። ንግሥቴ በር ላይ ሆና የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ትሠራለች። ፀደንያ የያምሮትን ወንበር ከመስታወቱ አዞረችው።

«ለምን አዞርሽኝ?»

«ብርሃን ከበር እንዲመጣ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ያምሮት ጨፈነች። ፀደንያ ብሩሹን ነክራ ጉንጯን አለፈችው። ግንባሯ ጫፍ ላይ፣ ፀጉሩ ሥር ሥሩን አጠቆረች። ከዚያ አገጯ ላይ ደገመች። የረጅም ፊት አቀባብ ነው። ክብ ፊት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ትናንት የአንዲት የጎረቤት ልጅ ክብ ፊት ላይ ስትሞክረው ነው ያመሸችው። የያምሮት ፊት ከላይም ከታችም አጠረ፤ ጉንጮቿ እንደ ሙልሙል ዳቦ ተነፉ። ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናት ትመስላለች። እንዲህ ሆና ፎቶ ብትነሳ ማንም አይመርጣትም፤ ማን እንዳበላሸውም አይታወቅም።

«ፀዱ» አለች ያምሮት ዓይኗን እንደጨፈነች። «አይናለም እኮ ትናንት ራሴ ልቀባሽ ብላኝ ነበር። እንቢ አልኳት።»

«ለምን?»

«እጇ ያስፈራል። ጓደኛዬ ትሠራኛለች፣ እሷን ነው የማምነው አልኳት።»

ብሩሹ አገጯ ላይ ቀረ። ፀደንያ የጓደኛዋን የተጨፈኑ ዓይኖች አየች። ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠረጥራት ከርማ፣ አሁን ውሸቱ በራሷ እጅ ላይ ነበር።

ብሩሹን አስቀመጠችና ወንበሩን ወደ መስታወቱ መለሰችው። «ክፈቺ።»

ያምሮት ከፈተች። ጉንጮቿን በጣቷ ነካካች። «ምንድን ነው ያደረግሽኝ?»

«ሆን ብዬ ነው። እንዳይቀበሉሽ ብዬ።»

«እኔ እንዳላውቅ?»

«አዎ። ግን አልቻልኩም። አሁን በግልጽ እነግርሻለሁ፤ ዛሬም አልሠራሽም፣ ሌላ ቀንም አልሠራሽም። ሌሎቹን ሁለት ልጆችም አልሠራም።»

ያምሮት ፎጣውን ስባ ፊቷን ፈተገችው። ዓይኗ ቀልቷል። «እንዳትሠሪኝ! እሷ ትሠራኛለች። ልብሴን ይዤ ወደሷ ነው የምሄደው።» በንግሥቴ አጠገብ ሮጣ ወጣች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች ንግሥቴ።

 ፀደንያ እንቢ በማለቷ ነገሩ ያበቃል ብላ አስባ ነበር። ብሩሽ መያዝ የሚችል ሰው ግን እሷ ብቻ አይደለችም።

ብዙም ሳይቆይ ወለተ ኢየሱስ፣ የያምሮት እናት፣ ጆንያ ተሸክመው ገቡ። ደንበኛዋ ሂዳለች።

«እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ያቺ ልጄ አልመጣችም?» ጆንያውን አወረዱና ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ዛሬ በሶውን አብዝቼዋለሁ። ሰኞ ለፈተና ባሕር ዳር ትሄድ የለም እንዴ? ከክፍሉ ሁሉ አስተማሪው እሷን መረጣት አለችኝ በስልክ። አባቷማ ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ይናገራል።»

ፀደንያ ጆንያውን አየችው። አዎ ማለት ይቻላል። ጆንያውን ተቀብሎ «እሰጣታለሁ» ማለት ብቻ ነው። እናትየዋ ደስ ብሏቸው ወደ ገበያው ይሄዳሉ፤ ያምሮትም ሰኞ ትሄዳለች።

«እማማ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ» አለች። ስልኳን አውጥታ የሐሙሱን ፎቶ ከፈተችና ሰጠቻቸው።

ወለተ ኢየሱስ ስልኩን አራቅ አድርገው ተመለከቱ። «ይህችስ ሴት ማን ናት? አስተማሪያችሁ ናት?»

«ደግመው ይዩአት።»

አቀረቡት። ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ዓይኗ…» አሉ። «ዓይኗ የልጄ ነው።»

«ፈተና የለም፣ እማማ።» ፀደንያ ያወቀችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ አይናለም፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ዐረብ አገሩ። የመጨረሻው ከበዳት፤ ቢሆንም አስከተለችው። «እንዲህ አድርጌ የሠራኋት እኔ ነኝ።»

ወለተ ኢየሱስ አልጮኹም። ስልኩን መልሰው ሰጧት፣ ተነሱ፣ መቀነታቸውን አጠበቁ። «የት ናት?» አሉ ብቻ።

ንግሥቴ ሽርጧን ፈታ ወንበር ላይ ጣለች። «እኔ ፎቶ ቤቱን አያለሁ። ሴትዮዋ እዚያ ካለች ሁለት ቃል አለኝ። ፀደንያ፣ አንቺ እሳቸውን ይዘሽ ወደ ቤቷ ሂጂ።»

በባጃጅ ሄዱ።  ያምሮት የተከራየችበት ግቢ ሲደርሱ የክፍሉ በር ከውስጥ ተዘግቷል። ልብስ ሲታጠፍ፣ የቦርሳ ዚፕ ሲጎተት ይሰማል። ወለተ ኢየሱስ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። እንደዚያ ሲፈሩ ፀደንያ አይታቸው አታውቅም።

ወደ ኋላ መቅረት ይቻል ነበር። እናትየዋ ብቻቸውን ቢገቡ፣ ማን እንደነገራቸው ለጊዜው ላይታወቅ ይችላል። ፀደንያ አለፈቻቸውና በሩን አንኳኳች።

ውስጥ ያለው ድምፅ ጸጥ አለ። «ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ» ብቻ ብትል በሩ ቶሎ እንደሚከፈት ታውቃለች። «ከእናትሽ ጋር ነኝ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።»

 ፀደንያ ከበሩ አልራቀችም፤ ከወለተ ኢየሱስ ጎን ቆማ ጠበቀች። ከቆይታ በኋላ መቀርቀሪያው ከውስጥ ተነቃነቀ።